ሕግ የሰጠው ስምና የሊቃውንት ብዕር፤ ስለ ሎዳ ነገድ የተጻፉ ድርሰቶች ሲመረመሩ

በምሥራቅ ህንድ፤ በምዕራብ ቤንጋልና በኦዲሻ ግዛቶች የሚኖረው የሎዳ ነገድ በቊጥሩ አነስተኛ ቢሆንም ስለ እርሱ የተጻፈው ግን ጥቂት አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ሹማምንት ለግብርና ለፖሊስ ሥራ ሲሉ ስሙን በመዝገብ ጽፈውታል፤ የካልካታ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ስለ ኑሮውና ስለ ልማዱ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል፤ ስመ ጥር የቤንጋል ደራሲም በልብ ወለድና በጋዜጣ ጽሑፍ ተከራክራለታለች። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህን ሦስት ዓይነት ድርሰቶች በተራ ተመልክቶ አንድ ጥያቄ ለማቅረብ ነው። ጥያቄውም፤ ሕግ በአንድ ሕዝብ ላይ የጫነውን ስም የኤትኖሎጂ ጸሐፊ የሕዝቡ የተፈጥሮ ጠባይ አድርጎ ሲቀበለው በሕዝቡም ሆነ በትምህርቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ምንድን ነው? የሚል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጠ መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙና ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የነገዱ ዋና መኖሪያ የቀድሞው የሜዲኒፑር አውራጃ ነው፤ ይህ አውራጃ በ2002 ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ከሁለት ተከፍሎ፤ በ2017 ደግሞ ጃርግራም የተባለው ክፍል ራሱን የቻለ አውራጃ ሆኗል። በኦዲሻ በኩል ሎዳዎች በይበልጥ የሚገኙት በማዩርባንጅ አውራጃ ነው። ሎዳ የሚለው ቃል ሉብዳካ ከሚለው የሳንስክሪት ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ትርጓሜውም በወጥመድ አራዊትን የሚይዝ አዳኝ ማለት ነው። እነርሱ ግን ራሳቸውን ሻባር ብለው መጥራትን ይወዳሉ። በሰሜንና በመካከለኛው ህንድ ሎዲ ወይም ሎዳ ተብሎ የሚጠራ የገበሬዎች ወገን አለ፤ ይህ ከአሁኑ ነገራችን ጋር ግንኙነት የሌለው ስለ ሆነ፤ በስም መመሳሰል ምክንያት ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ተማሪ ይሳሳታል።

ቊጥራቸውንም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወዲያው ከችግር ላይ ይወድቃል። በ2011 የተደረገው የህንድ የሕዝብ ቈጠራ በምዕራብ ቤንጋል ሎዳን፣ ኬሪያንና ካሪያን በአንድ ዐምድ አስገብቶ በጠቅላላው ከ100,000 በላይ አድርጎ ቈጥሯቸዋል፤ በኦዲሻ ግን ሎዳ ለብቻው ተቈጥሮ ወደ 10,000 ገደማ ሆኗል። እንግዲህ በቤንጋል በኩል ያለው ቊጥር የአንድ ሕዝብ ቊጥር አይደለም። የካሪያ ቋንቋ ከሙንዳ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን ሎዳዎች የሚናገሩት ግን ከቤንጋሊና ከኦዲያ ጋር የሚዛመድ ቋንቋ ነው። ጸሐፊው በመንግሥት ዐምድ ተመርቶ የተለያዩትን አንድ ካደረገ፤ ምርመራውን ገና ሳይጀምር ፍርዱን ሰጥቷል ማለት ነው።

የሎዳዎች ኑሮ ከጥንት ጀምሮ በዱር ላይ የተመሠረተ ነበር። ሥራሥር ይቈፍራሉ፤ የሳልን ዛፍ ቅጠል ሰፍተው የመብል ሳሕን ያደርጉታል፤ የዱር ሐር ትል የሚያበጀውን ድብልብል ለቅመው ይሸጣሉ፤ ዓሣና ኤሊ ያጠምዳሉ፤ እባብና አርጃኖ ይይዛሉ፤ በማዩርባንጅ ያሉት ደግሞ ሳባይ ከሚባለው ሣር ገመድ በመፍተል የታወቁ ናቸው። ነገዱ በዘጠኝ ጐሣዎች ይከፈላል፤ ባክታ፣ ማሊክ፣ ኮታል፣ ናየክ፣ ዲጋር የተባሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ በአንድ ጐሣ ውስጥ መጋባት ክልክል ነው። መንደሩን ሙክያ የተባለ አለቃ ይመራዋል፤ ለጉባኤ ሕዝቡን የሚጠራ መልእክተኛም አለ፤ የመንደሩን አምልኮ የሚያከናውነው ዴሁሪ ይባላል። ሺታላ የተባለችውን የፈንጣጣ አምላክ እጅግ ያከብራሉ። በማታ ቻንግ የተባለውን ክብ ከበሮ እየመቱ ይዘፍናሉ።

ስለ ትውልዳቸው የሚተርኩት ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ራሳቸውን የቪሽዋባሱ ልጆች ያደርጋሉ። ቪሽዋባሱ በጃጋናት አምልኮ ታሪክ ውስጥ የሚጠራ የሻባሮች አለቃ ነው፤ አምላኩን በዱር ውስጥ በምስጢር ያመልክ ነበር። ንጉሡ የላከው አንድ ብራህማን እንግዳ ሆኖ ገብቶ፤ የአለቃውን ልጅ አግብቶ፤ የአምልኮውን ስፍራ ካወቀ በኋላ ለንጉሡ ገለጠ ይባላል። በመጨረሻም አምላኩ ከዱር ወጥቶ በፑሪ ከተማ ታላቅ ቤተ መቅደስ ተሠራለት። ሊቃውንት ይህን ትረካ የሂንዱ ሃይማኖትና የዱር ሕዝቦች እምነት እንዴት እንደ ተዋሐዱ ለማስረዳት ይጠቅሱታል። በሎዳ አፍ ሲነገር ግን ሌላም ምሥጢር አለበት፤ ሊያጠና የመጣ እንግዳ ያየውን ይዞ ከሄደ በኋላ በባለቤቱ እጅ ምን ቀረ? የሚል ጥያቄ በውስጡ ይሰማል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። በ1793 እንግሊዞች በቤንጋል የዘለቄታ የመሬት ሥርዐት ባቆሙ ጊዜ፤ የሜዲኒፑር ምዕራባዊ ክፍል ዱር ዘሚንዳር በሚባሉ ባለርስቶች እጅ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1798 እና በ1799 የአገሩ ሰዎች በሜዲኒፑር ባመፁ ጊዜ፤ እንግሊዞች አመፁን በንቀት ስም የቹዋር አመፅ ብለው ጠሩት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የምድር ባቡር ወደ ካራግፑር ሲደርስ የሳል እንጨት ለሐዲድ መደገፊያ ስለ ተፈለገ ዱሩ በብዛት ተመነጠረ። ከነጻነት በኋላ በ1953 የወጣው የርስት ሕግ የዘሚንዳሮችን ይዞታ ወደ መንግሥት አዛወረው፤ ዱሩም ከዚያ ወዲህ በደን መሥሪያ ቤት ይጠበቅ ጀመር። በ1972 የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ሲታወጅ ደግሞ አርጃኖ አድኖ ቆዳውን መሸጥ ወንጀል ሆነ። ሎዳው በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ሥራውን አልለወጠም፤ በዙሪያው ያለው ሕግ ግን እየተለወጠ የአባቱን ሙያ በየተራ ከሌብነት ቈጠረበት።

ከሁሉ የከፋው ግን በ1871 የወጣው የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ ነው። ይህ ሕግ በመጀመሪያ በሰሜን ህንድ ላይ ታውጆ፤ በ1876 ወደ ቤንጋል ተዘረጋ፤ በ1911 በእንግሊዝ ህንድ ሁሉ እንዲሠራ ሆነ፤ በ1924 እንደገና ተሻሽሎ ወጣ። የአገሩ መስተዳድር አንድ ነገድ ወንጀልን ልማዱ አድርጓል ብሎ ካመነ፤ ነገዱ በሙሉ ወንጀለኛ ተብሎ ሊታወጅ ይችል ነበር። አዋጁ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ ፍርድ ቤት እንዳይመረምር ሕጉ ራሱ ይከለክላል። በአዋጁ ስር የወደቀ ሰው ስሙ በመዝገብ ይጻፋል፤ በተወሰነ ጊዜ እየቀረበ ስሙ ይጠራል፤ ያለ ይለፍ ወረቀት ከተወሰነለት ስፍራ ቢወጣ ይታሰራል፤ ከ1911 ወዲህም የጣቱ አሻራ ይወሰዳል። ሎዳዎችም በዚህ አዋጅ ውስጥ ገቡ። ልጅ ሲወለድ ገና ምንም ሳያደርግ የወንጀለኛ ስም ወራሽ ሆነ።

ይህ ሕግ የቆመበት አሳብ ከኤትኖሎጂ የተበደረ መሆኑ ለእኛ ለዚህ ትምህርት ሰዎች እጅግ አሳሳቢ ነው። የህንድ ማኅበራዊ ሥርዐት ሙያን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ አናጢነትና ሸማኔነት የሚወረሱ ከሆኑ ሌብነትም የሚወረስ ሙያ ሊሆን ይችላል ተብሎ ተደመደመ። ሐርበርት ሪዝሊ በ1891 የቤንጋልን ነገዶችና ካስቶች የሚመለከት ዝነኛ መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎችን አካል አስለክቶ የአፍንጫን ወርድና ቁመት እያነጻጸረ የዘርን ደረጃ ለማወቅ ሞክሯል። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ የሚጠቅም ማስታወሻ እንዳተረፈልን አይካድም፤ ነገር ግን የአንድ ሕዝብ ኑሮ በደሙና በአጥንቱ የተጻፈ ነው የሚለውን እምነት በሊቃውንት ስም አጸናው። ፖሊስ በመዝገቡ የጻፈውን ሊቁ በመጽሐፉ አረጋገጠ፤ የሊቁንም መጽሐፍ ሹሙ መልሶ ምስክር አደረገው። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲደጋገፉ ሦስተኛው ምስክር፤ ይኸውም ሎዳው ራሱ፤ ሳይጠየቅ ቀረ።

የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ ነሐሴ 31 ቀን 1952 በህንድ ነጻ መንግሥት ተሻረ። ከዚህ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፤ በ1963፤ ፕሮቦድ ኩማር ቦውሚክ የምዕራብ ቤንጋልን ሎዳዎች የሚመለከተውን መጽሐፉን በካልካታ አሳተመ። ከዚያ በፊት ስለ ሎዳ የሚገኘው በልዩ ልዩ መጻሕፍት ውስጥ የተበታተነ ጥቂት መስመር ስለ ነበረ፤ ይህ ሥራ እስከ ዛሬ የነገዱ ጥናት መሠረት ሆኖ ይኖራል። ደራሲው የሜዲኒፑርን አገር የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በ1955 በዚያው አውራጃ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት መሥርቶ ለሎዳ ልጆች ትምህርት ደክሟል። ስለ ጐሣዎቹ፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ መንደር ጉባኤውና ስለ አምልኮው የሰበሰበውን ሳይጠቅስ የሚያልፍ ተማሪ የለም። በቢሮ ተቀምጦ ከፖሊስ መዝገብ ከሚቀዳ ሰው ጋር ሊወዳደር አይገባውም፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ዓይነት፤ ማለት የዚያ ዘመን የነገድ ጥናት አቀማመጥ፤ ሊተች ይገባዋል። በዚያ ዘመን የተጻፉ የነገድ ጥናቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ተራ አላቸው፤ አስቀድሞ ምድሩ፣ ቀጥሎ የሰውነቱ መልክ፣ ቤቱ፣ ምግቡ፣ ጐሣው፣ ልደቱና ሞቱ፣ አምልኮው ይገለጥና፤ በመጨረሻ መንግሥትና የኑሮ ችግር እንደ ተጨማሪ ምዕራፍ ይመጣሉ። ይህ ተራ ለሌላ ሕዝብ ይስማማ ይሆናል፤ ለሎዳ ግን የነገሩን ምክንያትና ውጤት ይገለብጣል። ሎዳው ቤቱን ከመንደሩ ዳር ለብቻው የሠራው፣ የእርሻ መሬት ያጣው፣ በማታ ለመንቀሳቀስ የሚፈራው፣ ከሌላ ወገን ጋር የማይተማመነው በጐሣው ሥርዐት ምክንያት ነው ወይስ በመዝገቡ ምክንያት? ሕጉ በመጨረሻው ምዕራፍ ከተቀመጠ፤ አንባቢው በፊተኞቹ ምዕራፎች ያነበበውን ሁሉ የነገዱ ባሕርይ አድርጎ ይቀበለዋል። የሰማንያ ዓመት የፖሊስ ሥራ የጥንት ልማድ መስሎ ይታየዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሕጉ ከተሻረ በኋላ በመንግሥት ጽሑፎችም በሊቃውንትም ዘንድ የቀድሞ ወንጀለኛ ነገድ የሚለው አነጋገር ተለመደ። ይህ አነጋገር ቸርነት ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ቀድሞ የሚለው ቃል ነገዱ በአንድ ወቅት በእውነት ወንጀለኛ ነበረ የሚለውን ክስ ሳይነካ ያልፈዋል። ነጻ የወጣው ንጹሕ ስለ ሆነ አልተባለም፤ ጠባዩን ለማረም ተስፋ ስላለ ነው እንደ ተባለ ይቈጠራል። ሕጉም ቢሆን በቅርጹ እንጂ በመንፈሱ አልጠፋም፤ በልዩ ልዩ ግዛቶች የልማደኛ ወንጀለኞች ሕግ የተባለ በቦታው ተተካ። ከ1975 ጀምሮ ደግሞ የህንድ መንግሥት አንዳንድ ነገዶችን ጥንታዊ የነገድ ቡድኖች ብሎ ለብቻ መደባቸው፤ ሎዳም ከእነዚህ ገባ። በ2006 ስያሜው ተሻሽሎ በተለይ ለጉዳት የተጋለጡ የነገድ ቡድኖች ተባለ። ዕርዳታ ለማግኘት ሲባል የተሰጠ ስም ቢሆንም፤ ሎዳው በመቶ ዓመት ውስጥ ወንጀለኛ፣ የቀድሞ ወንጀለኛ፣ ጥንታዊና ተጋላጭ ተብሏል፤ ከእነዚህ አንዱንም ስም ራሱ አልመረጠውም።

ሦስተኛው ዓይነት ድርሰት የማሃሽዌታ ዴቪ ነው። ከ1926 እስከ 2016 የኖረችው ይህች ደራሲ ስለ ሎዳዎችና ስለ ኬሪያ ሻባሮች ለብዙ ዓመታት በጋዜጣ ስትጽፍ፤ በስርቆት ተጠርጥረው በጎረቤት ሕዝብ የተገደሉትን ሎዳዎች ጉዳይ ወደ አደባባይ አውጥታለች። ሌሎች ሊቃውንት ያልጻፉትን አንድ ነገር እርሷ ጽፋለች፤ ሎዳው ሰረቀ በተባለ ጊዜ የተሰረቀውን ዕቃ የሚገዛው ማን እንደ ሆነ ጠይቃለች። ገዢው ከነገዱ ውጭ ያለ ባለጸጋ ነው፤ ትርፉ ለእርሱ ሲሆን ዱላው ለሎዳው ነው ስትል ተከራክራለች። ይህ ጥያቄ ለኤትኖሎጂ እጅግ የሚጠቅም ነው። በሎዳዎች መካከል የሰረቀ ሰው ፈጽሞ የለም ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ረኀብ ባለበት ስርቆት መኖሩ በየትም አገር የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው ስርቆቱን የነገድ ባሕርይ ከማድረግ ይልቅ ሻጭና ገዢ፣ ዳኛና ፖሊስ ያሉበት የአንድ አውራጃ ኤኮኖሚ ክፍል አድርጎ ማጥናት ነው።

በ1994 በቤንጋሊ ያወጣችውና በ2002 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመው የአዳኙ መጽሐፍ የተሰኘው ልብ ወለዷ ነገሩን ወደ 16ኛው መቶ ዓመት ይወስደዋል። በዚያ ዘመን ሙኩንዳራም ቻክራባርቲ የተባለው ባለቅኔ በሜዲኒፑር ምድር በአንድ መስፍን ቤት ተጠግቶ ቻንዲን የሚያወድስ ታላቅ ግጥም ደርሶ ነበር። በግጥሙ ካልኬቱ የተባለው ድኻ አዳኝ በቻንዲ ቸርነት ሀብት አግኝቶ፤ ዱሩን አስመንጥሮ ከተማ ያቀናል። ማሃሽዌታ ይህን የከበረ ታሪክ በሻባሮች ዓይን መልሳ ታነበዋለች፤ ዱሩ ሲመነጠር አዳኙ ወዴት ይሄዳል? ስትል። የመጽሐፉ ጉድለት ደግሞ ከብርታቱ ጋር አብሮ ይገኛል። ሻባሮቹ በአንድ ድምፅ የሚናገሩ፣ እርስ በርሳቸው የማይቃረኑ፣ ከዱር ጋር ፍጹም የተስማሙ ሆነው የሚታዩበት ስፍራ አለ። አንድን ሕዝብ ያለ ጉድለት አድርጎ መሣልም፤ ሁሉ ወንጀለኛ ነው እንደ ማለት ባይከፋም፤ የእያንዳንዱን ሰው መልክ ይሰውራል።

የእነዚህ ድርሰቶች ሁሉ እውነተኛ ፈተና የደረሰው በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ነው። ቹኒ ኮታል በ1965 በሜዲኒፑር ከድኻ የሎዳ ቤተሰብ ተወለደች። በ1985 የመጀመሪያ ዲግሪዋን ስትቀበል፤ ከሎዳ ሻባር ሴቶች መካከል ለዚህ ማዕረግ የበቃች የመጀመሪያዋ ሆነች። ለነገዷ የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኛ፤ በኋላም የልጃገረዶች ማደሪያ ቤት ኀላፊ ሆና አገልግላለች። በ1987 ወደ ማስተርስ ዲግሪ ትምህርት ገባች፤ የመረጠችውም አንትሮፖሎጂን ነበር። በትምህርት ቤቱ ከወንጀለኛ ነገድ የተወለደች መሆኗ እየተነሣባት ትሰደብ እንደ ነበረና፤ ትምህርቷን ተከታትላ ሳለ እንደ ቀረች እየተቈጠረ ውጤት እንደ ተከለከለች አቤቱታ አቀረበች። በ1991 አጣሪ ኮሚሽን ቢቋቋምም ፍሬ አልሰጠም። ነሐሴ 16 ቀን 1992፤ በ27 ዓመቷ፤ ሕይወቷን በገዛ እጇ አሳለፈች። ጉዳዩ በቤንጋል ታላቅ ቍጣ አስነሣ፤ ማሃሽዌታ ዴቪም በዚያው ወር ታሪኳን ጽፋ አሳተመች።

ይህ ነገር በሕግ ትምህርት ቤት ወይም በፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሌሎችን መውቀስ በቀለለን ነበር። የደረሰው ግን የሰውን ልጅ ልማድ ያለ ጥላቻ ለመመርመር በተቋቋመ ትምህርት ውስጥ ነው። ሕጉ ከተሻረ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። ቹኒ ኮታል በክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስለ ነገዷ የሚነገረውን ትሰማ ነበር፤ በመጻሕፍቱ ውስጥ የተጻፈችው እርሷ ናት፤ መጻሕፍቱ ግን እርሷ አንባቢ ትሆናለች ብለው አልተዘጋጁም ነበር። ወንጀለኛ ነገድ የሚለውን ቃል ለታሪክ ማስረጃ ብሎ ያስተማረ ሰውና ለስድብ የተጠቀመበት ሰው በአሳብ ይለያያሉ፤ ቃሉ ግን ለሁለተኛው በቀላሉ የተገኘው ፊተኞቹ ሳይመረምሩ ስላቈዩት ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ሁለት ነገር እንጨምር። በኅዳር 2018 በጃርግራም አውራጃ፤ በላልጋር አጠገብ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰባት የሎዳ ሻባር ሰዎች መሞታቸው ተሰማ። ምክንያቱ ረኀብ ነው የሚሉ ሲነሡ፤ የመንግሥቱ ሹማምንት በሽታና መጠጥ ነው አሉ። ክርክሩን ልብ ብሎ ለተመለከተ የቀድሞው አነጋገር ተመልሶ ይሰማዋል፤ ድኅነት የሚያስከትለው ሁሉ በሟቹ ጠባይ ይተረጐማል። በሌላ በኩል በጥቅምት 2024 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወኅኒ ቤት ደንቦች ውስጥ ካስትን የሚለዩትን አንቀጾች ሲሽር፤ ከወንጀለኛነት መዝገብ የተፋቁትን ነገዶች በልማደኛ ወንጀለኛነት የሚመለከተውን አጻጻፍም አውግዟል። ሕጉ ከተሻረ ከሰባ ዓመት በኋላ ይህን መፍረድ ማስፈለጉ ስሙ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል።

እንግዲህ ከዚህ ምርመራ ለኤትኖሎጂ ተማሪ ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፤ የአንድ ሕዝብ ልማድ ተብሎ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ዘመኑ ያልተነገረለት ልማድ ሁልጊዜ የዘላለም ይመስላልና። ሁለተኛ፤ በነገዱ ዙሪያ ያሉት ባለርስቱ፣ የደን ጠባቂው፣ ዕቃ ገዢውና ፖሊሱ በዚያው ጥንቃቄ ይጠኑ፤ እነርሱም ልማድና ሥርዐት አላቸውና። ሦስተኛ፤ ማንኛውም ጥናት የተጠናው ሕዝብ ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያነበው መሆኑን አስቦ ይጻፍ። እውነትን ለመሸፈን ሲባል አይደለም፤ ፊት ለፊቱ ሊነገረው የማይችል ነገር በአብዛኛው ያልተረጋገጠ ስለ ሆነ ነው። የቦውሚክ መጽሐፍ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እየተፈተነ ዳግመኛ ቢነበብ ዋጋው አይቀንስም፤ የሰበሰበው ማስረጃ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቹኒ ኮታል ልትጽፈው ትችል የነበረውን ዓይነት መጽሐፍ ከነገዱ የወጣ ሊቅ እንዲጽፈው መንገዱን ማቅናት ነው።